መብራት ሲጠፋ የማይፈስ ሳምፕ፦ ጂንካ ላይ አኳሪየም ለሚያቆሙ

ጂንካ ውስጥ በሳሎንዎ፣ በሆቴልዎ እንግዳ መቀበያ ወይም በትምህርት ቤትዎ ቤተ ሙከራ አኳሪየም ለማቆም አስበው ከሆነ፣ ስለ ዓሣው ቀለምና ዓይነት ከመጨነቅዎ በፊት መብራት በጠፋ ቅጽበት ውኃው የት ሄዶ እንደሚያርፍ ይወስኑ። የማጣሪያው ልክ፣ የቱቦው አፍ፣ የመቆሚያው ቁመት ሁሉ ከዚያ ነው የሚወጣው። አብዛኞቹ የውጭ መመሪያዎች ፓምፑ ያለማቋረጥ እንደሚሠራ አድርገው ነው የሚነሡት። እዚህ ግን ፓምፑ መቆሙ አይቀርም፤ ሁሉም በተኛበት ሌሊት ይቆማል፣ ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ተመልሶ ይነሣል። ሳምፕዎን የሚለኩት ለእነዚያ ሁለት ቅጽበቶች ነው።

ሳምፕ ከዋናው የዓሣ መስታወት በታች፣ መቆሚያው ውስጥ የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ከላይኛው ገንዳ ሞልቶ የሚፈሰው ውኃ በራሱ ክብደት በቱቦ ይወርዳል፤ በሳምፑ ክፍሎች እያለፈ ይጣራል፤ መጨረሻው ክፍል ያለው ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ይኸው ነው። ውስብስብ መሣሪያ የለውም፤ መስታወት፣ ሲሊኮን፣ ቱቦና ፓምፕ ብቻ ነው።

ለምን ዝግ የሆነውን የጣሳ ማጣሪያ አልመክርም? ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ይለቃል። አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ በጣም ወደሚቀንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት በማጣሪያው ውስጥ ባለው ድንጋይና ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ዝግ ጣሳ ውስጥ ፓምፑ ሲቆም በውኃው ያለው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል፤ መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ባክቴሪያው መሞት ይጀምራል፣ ፓምፑ ሲነሣም የበሰበሰውን ውኃ ወደ ዓሣው ይረጫል። ሳምፕ ግን አፉ ክፍት ስለሆነ አየር ይነካዋል፤ በተመሳሳይ የመብራት መጥፋት የሚደርስበት ጉዳት በጣም ያነሰ ነው። ለጂንካ ሳምፕን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

መቆሚያው

ለምሳሌ የምንይዘው ገንዳ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስታወት የተሠራ ነው። ከአፉ ትንሽ ጎደል ተደርጎ ሲሞላ 230 ሊትር ያህል ይይዛል። ውኃው 230 ኪሎ፣ መስታወቱ ወደ 55 ኪሎ፣ ጠጠሩ 35 ኪሎ፣ ከታች የሚገባው ሳምፕ ከነውኃው 75 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሲደመር 400 ኪሎ ይጠጋል፤ አራት ኩንታል እህል አንድ ጥግ ላይ እንደመከመር ነው። ቤትዎ የጭቃ ሆኖ ወለሉ በስሱ ሲሚንቶ የተለበጠ ከሆነ የመቆሚያው እግር ሲሚንቶውን ይበሳዋል። በያጁ ከእያንዳንዱ እግር ሥር 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላሜራ እንዲበይድ ይንገሩት።

ለእግሮቹና ለማገናኛዎቹ 40 በ40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ ይበቃል። የፊተኛው የላይኛ አግዳሚ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሳምፑ የሚገባው በፊት በኩል ስለሆነ መሐል ላይ እግር ሊቆም አይችልም፤ አግዳሚው ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻውን ይሸከማል። እዚያ ላይ 60 በ40 ቱቦላሬ ይግዙ፣ የ60ው ጎን ወደ ላይ ቆሞ ይበየድ። 40 በ40ው በዚያ ርዝመት ላይ መሐሉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሊጎብጥ ይችላል፤ ብረቱ አይሰበርም፣ መስታወቱ ግን እንዲህ ያለ ጉብጠት አይወድም። በጀርባ በኩል መሐል ላይ አንድ እግር ቢጨመር አይከፋም፤ ለቱቦዎቹ መንገድ መተዉን ብቻ ያረጋግጡ።

የመቆሚያው ውስጣዊ ቁመት ከ75 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ። 38 ሳንቲ ሜትር የሚቆም ሳምፕ ከገባ በኋላ ከበላዩ 37 ሳንቲ ሜትር ይቀራል፤ እጅዎ ገብቶ ስፖንጅ የሚያወጣውና ፓምፕ የሚነቅለው በዚያ ክፍተት ነው። ብዙ ሰው ትልቅ ሳምፕ እፈልጋለሁ ብሎ ክፍተቱን ያጠበዋል፤ ማጽዳት ሲያስቸግረው ደግሞ ማጽዳቱን ይተወዋል። በያጁ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በሳምፑ ልክ የተቆረጠ ካርቶን ይዘው ይሂዱ። ካርቶኑ በበሩ በኩል ገብቶ ካልተቀመጠ መስታወቱም አይገባም።

ብየዳው ሲያልቅ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ በተለይ የብየዳው ጠባሳ ላይ። መቆሚያው ውስጥ ያለው አየር ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጀርባውን በኮምፔንሳቶ አይዝጉት፣ ክፍት ይሁን። ከላይ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ በእሱም ላይ ስስ ፎም ይነጠፍ። ገንዳው ከመቀመጡ በፊት ውኃ ልኩን በርዝመትም በወርድም ያስቀምጡ፤ የተዘነበለ ገንዳ መስታወቱን በአንድ በኩል ያስጨንቀዋል።

ሳምፑ

ጂንካ ውስጥ ለመስኮት የሚሆን ቀጭን መስታወት ማግኘት አይቸግርም። ወፍራሙን ግን ከአርባ ምንጭ ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ከሆነ በኮንሶና በቀይ አፈር በኩል በሚመጣው መኪና ላይ መስታወቱ ቆሞ ይጫን እንጂ አይተኛ፤ በየመሐሉ ካርቶን ይግባ፣ እንዳይንቀሳቀስ በገመድ ይታሰር። ተኝቶ የተጫነ መስታወት መኪናው በዘለለ ቁጥር በራሱ ክብደት ይጎብጣል።

ሳምፑ በውጭ ልኩ 75 በ35 በ38 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት ይበቃዋል። ውስጡ በሦስት ክፍል ይከፈላል። ውኃው የሚወርድበት የመጀመሪያው ክፍል 20 ሳንቲ ሜትር ይርዘም፤ ስፖንጁና የትራስ ጥጥ የሚመስለው ነጭ ፋይበር እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው፣ የባክቴሪያው ቤት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ፓምፑ የሚቀመጥበት ሦስተኛው 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ከወለሉ የሚነሣ 24 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው መስታወት ይቆማል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ግን ሦስት መስታወት በ3 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተደርድረው ይቆማሉ፦ የመጀመሪያው ከወለሉ ተነሥቶ 22 ሳንቲ ሜትር፣ የመካከለኛው ከወለሉ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚጀምርና ከጎኖቹ የሚበልጥ፣ የመጨረሻው ከወለሉ ተነሥቶ 20 ሳንቲ ሜትር። ውኃው ከላይ ይሻገራል፣ ከታች ያልፋል፣ እንደገና ከላይ ይሻገራል፤ በዚህ መሐል የአየር አረፋው ተለይቶ ይቀራል። አረፋ ፓምፑ ጋ ከደረሰ ዓሣዎ ጭጋግ በመሰለ ውኃ ውስጥ ይኖራል፣ ፓምፑም ይጮኻል።

ለማጣበቅ የሚሆነው ንጹሕ ሲሊኮን ነው። ሲወጣ የአቼቶ ሽታ ያለው ብዙውን ጊዜ ይሆናል፤ ነገር ግን ቱቦው ላይ «ሻጋታ ይከላከላል» የሚል ካለ አይግዙት፤ ሻጋታውን የሚገድለው መድኃኒት ዓሣውንም ይጎዳል። የመስታወቱን ጠርዝ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ በአልኮል ወልውለው፣ እጅዎ ሳይነካው ያጣብቁ። ከዚያ ሳምንት ያህል ይተዉት። ሳምፑ ሲደርቅ ግቢ ውስጥ ሞልተው አንድ ቀን ያሳድሩት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ የጽሑፉ እምብርት እዚህ ነው። ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ በአንደኛው ክፍል ውኃው ከ24 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው ከ22 ጥቂት ከፍ ይላል፤ በፓምፑ ክፍል 16 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አድርገው ይሙሉት። ከዚያ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ተደምሮ 40 ሊትር ያህል ይይዛል። ይህ ባዶ ቦታ መብራት ሲጠፋ ለሚወርደው ውኃ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው።

ምን ያህል ይወርዳል? የላይኛው ገንዳ ውኃ በ1 ሳንቲ ሜትር በጎደለ ቁጥር 5 ሊትር ያህል ወደ ታች ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አንደኛው፣ በማፍሰሻው ከንፈር ላይ ያለው ውኃ እስኪያልቅ መውረዱን ይቀጥላል። ሁለተኛው አደገኛው ነው፦ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋ የነበረው የመመለሻ ቱቦ ራሱ ወደ ታች መሳብ ይጀምራል፤ የሚቆመውም የቱቦው አፍ ከውኃ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ነው። የቱቦው አፍ ከውኃው ፊት 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ያለ ከሆነ 15 ሊትር ይወርዳል፤ በቱቦና በማፍሰሻ ሳጥኑ ያለው ሲጨመር 20 ሊትር። 40 ሊትር ቦታ ስላለዎት ሰላም ነው። አፉ 10 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ ግን 50 ሊትር ይወርዳል፣ ከቱቦዎቹ ጋር 55። ከዚያ ውስጥ 15 ሊትሩ ወለልዎ ላይ ነው።

ስለዚህ የመመለሻው አፍ ከውኃው ፊት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጥለቅ። ለጥንቃቄ ቱቦው ላይ ልክ ከውኃው ፊት ሥር 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ ውኃው በጎደለ ጊዜ አየር በዚያ ይገባና መሳቡ ይቋረጣል። ቀዳዳው በአልጌ ስለሚደፈን በየሳምንቱ በስንጥር ይጥረጉት። ሻጩ ቼክ ቫልቭ ይበቃል ቢልዎት አይቀበሉት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የቅጠል ቁራጭ ከገባችበት አይዘጋም፤ አለመዝጋቱንም የሚያውቁት ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ነው።

የተገላቢጦሹንም ያስቡ። መውረጃው ቢደፈን ፓምፑ በክፍሉ ያለውን ውኃ ሁሉ ወደ ላይ ያወጣል። የፓምፑ ክፍል ጠባብ በመሆኑ በውስጡ ያለው ውኃ 8 ሊትር ብቻ ነው፤ ላይኛውን ገንዳ ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች ነው የሚያሳድገው። የላይኛው ውኃ ከገንዳው አፍ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ካደረጉ አይፈስም። ሦስተኛውን ክፍል 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያደረግነው ለዚህ ነው። ዋጋው፣ ተን የሚወስደው ውኃ በዚያ ጠባብ ክፍል ቶሎ ስለሚታይ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መጨመር ነው። እኔ ዕለታዊ መጨመሩን ከጎርፉ እመርጣለሁ።

ቀዳዳውና ቱቦው

ውኃውን ከላይኛው ገንዳ ለማውረድ ሁለት መንገድ አለ፤ መስታወቱን መብሳት ወይም በገንዳው አፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ ውኃውን በመሳብ የሚያሻግር ሳጥን መግዛት። ሁለተኛውን ለጂንካ አልመክርም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በመሳቢያው ውስጥ አየር ከገባ ውኃ መውረዱ ይቀራል፤ ፓምፑ ግን ይገፋል። መብራት በማይጠፋበት ቤት እንኳ ሐሳብ የሚጥል ነገር ነው።

ስለዚህ ይብሱ። መጀመሪያ መስታወቱ በእሳት የጠነከረ አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ እንዲህ ያለው መሰርሰሪያ ሲነካው ሙሉ በሙሉ ይፈረካከሳል። እዚሁ አገር በመስታወት ቤት ተቆርጦ የተሠራ ገንዳ ከሆነ ችግር የለም፤ የጠነከረ መስታወት ሊቆረጥ አይችልምና። ተሠርቶ ከውጭ የመጣ ገንዳ ከሆነ ግን ሻጩን ይጠይቁ። ዳይመንድ ጫፍ ያለው ክብ መሰርሰሪያ ያስፈልጋል። የሚበሳው ቦታ ዙሪያ በጭቃ ትንሽ አጥር ይሥሩና ውኃ ያቁሩበት፤ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሳይጫኑ፣ መሰርሰሪያው በራሱ ክብደት እንዲበላ ይተዉት። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከወዲያ ማዶ እንጨት ይደገፍ።

ለቀዳዳው ማያያዣ የሚሆነው ሮቶ ላይ የሚገጠመው፣ ሁለት የላስቲክ ቀለበት ያለው የፕላስቲክ ማያያዣ ነው። በየቧንቧ ዕቃ ሱቁ ይገኛል። ከናስ ወይም ከጋልቫናይዝድ ብረት የተሠራውን አይጠቀሙ፤ መዳብና ዚንክ ወደ ውኃው ይገባሉ። የማያያዣውን አንገት ለክተው ከእሱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ቀዳዳ ይብሱ። ከማንኛውም የመስታወት ጠርዝ ያለው ርቀት ቢያንስ የቀዳዳውን ወርድ ያህል ይሁን።

በጀርባው መስታወት ላይ፣ ከአፉ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው፣ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይብሱ። አንዱ ዋናው መውረጃ ነው፤ ሌላው ለክፉ ቀን። ሁለቱንም ከውስጥ በኩል በመስታወት ሳጥን ያጥሩ፤ የሳጥኑ ከንፈር ትናንሽ ዓሣ እንዳያሳልፍ እንደ ማበጠሪያ የተጠረሰ ፕላስቲክ ይሁን። በሳጥኑ ውስጥ የዋናው ቱቦ አፍ ወደ ታች ይዙር፤ የሁለተኛው አፍ ወደ ላይ ዞሮ ከሳጥኑ የተለመደ የውኃ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ዋናው ሲደፈን ውኃው ከፍ ብሎ በሁለተኛው ይወርዳል። የሁለተኛው ቱቦ የታችኛው ጫፍ ከሳምፑ ውኃ በላይ አየር ላይ ይሁን፤ ውኃ በወረደበት ጊዜ ይንሿሿል፤ ድምፁ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የዋናው ጫፍ ግን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ ይጥለቅ። ዋናው ቱቦ ከመስታወቱ ጀርባ ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቲ ይግባ፤ የላይኛው አፉ በክዳን ተዘግቶ ክዳኑ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ። አየር በዚያ ስለሚገባ ቱቦው አይንኮራኮርም።

የመውረጃ ቱቦ 32 ወይም 40 ሚሊ ሜትር፣ የመመለሻው 25 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፓምፑ አጠገብ የሚፈታ ዩኒየን ያስገቡ። በፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍታ በሌለበት የሚያፈሰው ነው፤ ከሳምፑ እስከ ገንዳው አፍ ግን 1.2 ሜትር ያህል መውጣት አለበት። በሰዓት ከ1,000 እስከ 1,200 ሊትር ላይ እንዲደርስ 2,500 ሊትር የሚል፣ የመግፋት ከፍታውም ከ2.5 ሜትር የማያንስ ይግዙ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ እንደገና ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ጠብታ ሶኬቱ ላይ ሳይደርስ ከታች ይንጠባጠባል። ሶኬቱ በሳምፑ ከፍታ ላይ አይሁን፣ ከመቆሚያው ውጭ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ይግባ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛዎ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከር እንዲያስገባልዎትም ይጠይቁ።

ገል፣ ድንጋይና ክዳን

ሁለተኛውን ክፍል በምን እንሙላው? ከውጭ የሚመጣው የሴራሚክ ቀለበት ውድ ነው፤ በዚያ ላይ ቀለበቱ ማለት የተተኮሰ፣ ቀዳዳ የበዛበት ሸክላ ማለት ነው። በጂንካ ዙሪያ ሸክላ የሚሠሩ የአሪ ሴቶች አሉ፤ ተኩሰው ሲያወጡት የተሰነጠቀባቸውን ማሰሮና ምጣድ ገሉን ቢገዟቸው ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ያልተቀባ፣ ያልተለሰነ፣ ምግብ ያልተሠራበት ገል ይምረጡ፤ ዘይትና ቅቤ የጠጣ ሸክላ አይሆንም። በጣት ጫፍ ልክ ይከስክሱት። ከዚያ በአንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት ሲያሹት ጭቃ ከሆነ እሳቱ አልበቃውም፤ ይጣል። ድንጋይ ሆኖ ከቆየ ውኃው እስኪጠራ ያጥቡት፣ በመረብ ከረጢት ይክተቱትና ያስገቡት።

ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ግሩም ነው። ከቡታጅራና ከዝዋይ አካባቢ ለግንባታ በመኪና ይጫናል፤ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይበቃዎታል። ሁለቱም ካልተገኙ የሃይላንድ ክዳን ይሰብስቡ። ወለሉ ሰፊ ባይሆንም አይበሰብስም፣ ውኃ በደንብ ያሳልፋል፣ ዋጋው ደግሞ ልፋት ብቻ ነው።

ለላይኛው ገንዳ ከነሪ ወንዝ ጠጠር የሚያመጡ ከሆነ መጀመሪያ አቼቶ ያንጠባጥቡበት። ከተንጨረጨረ ኖራ አለበት፤ ውኃውን ያከብደዋል። ቆሮሶና መሰሎቹ አይጎዱም፣ ለስላሳ ውኃ ለሚወዱ የደቡብ አሜሪካ ትናንሽ ዓሣዎች ግን አይሆንም።

አጎበር፣ ርጭትና በረኪና

ደቡብ ኦሞ የወባ አገር ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡ። በየቤቱ የሚታደለው አጎበር በፓይረትሮይድ የተነከረ ነው። ይህ መድኃኒት ለሰው የሚያሳስብ አይደለም፤ ለዓሣ ግን እጅግ በጣም ትንሹ መጠን ይገድላል። ያረጀ አጎበር ቆርጦ ለስፖንጅ ማሰሪያ፣ ለገል ከረጢት ወይም ለሳምፑ ክዳን ማድረግ ለማንም የሚታሰብ ብልሃት ነው፤ ግን አያድርጉት። ታጥቦም ቢሆን። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ታጥቦ እንዲቆይ ተደርጎ በክሩ ውስጥ የተሠራ ነው። ለከረጢቱ ሽንኩርት የሚሸጥበትን መረብ፣ ለክዳኑ ደግሞ ያልታከመ የመስኮት ወንፊት ይጠቀሙ።

ቤቱ የወባ ኬሚካል በሚረጭበት ቀን የአየር ፓምፑን ያጥፉ፤ የክፍሉን አየር ስቦ ውኃ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። ገንዳውንም ሳምፑንም በፕላስቲክ በደንብ ይሸፍኑ፤ ክፍሉ ተናፍሶ ሽታው ሲጠፋ ይክፈቱት። የበረሮና የትንኝ ፍሊትም እንዲሁ ነው። ከብት ላይ መዥገር የሚገድል መድኃኒት ሲረጩ ውለው ከሆነ እጅዎን እስከ ክርንዎ በሳሙና ሳይታጠቡ፣ ሳሙናውንም በደንብ ሳያስለቅቁ ሳምፕ ውስጥ አያስገቡ።

ክሎሪንም ጠላት ነው። ውኃ አጋር የተጨመረበት የመጠጥ ውኃ ለሰው ጤና ነው፤ ለማጣሪያው ባክቴሪያ ግን ሞት ነው። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ወይም ባኞ ቀድተው አንድ ቀን ሙሉ ሳይከድኑ ያቆዩት፤ ክሎሪኑ ይተናል። በዝናብ ወቅት ደፍርሶ ከመጣ ጭቃው እስኪዘቅጥ ይጠብቁ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ይቅዱ። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አይጠቡ፤ ከገንዳው በቀዱት ውኃ ይጠቡ። በረኪና ደግሞ ከሳምፑ አጠገብ እንዳይደርስ።

መጀመሪያ መብራቱን ራስዎ ያጥፉት

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ፣ ዓሣ ሳይገባ፣ ገንዳውን ሞልተው ፓምፑን ያስነሡ። ውኃው ሲረጋጋ በፓምፑ ክፍል መስታወት ላይ በማርከር መስመር ያስምሩ። ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ቁጭ ብለው ይመልከቱ፤ ውኃው ከፍ ይላል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል። የቆመበት ላይ ሁለተኛ መስመር ያስምሩ። ሁለተኛው መስመር ከሳምፑ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካላለ የመመለሻውን አፍ ከፍ ያድርጉ። ከዚያ መልሰው ይሰኩ፤ ፓምፑ አየር ሳይውጥ መነሣቱን፣ መውረጃው ያለ ችግር መጀመሩን ይዩ። ይህን ደጋግመው ያድርጉት፤ አንድ ጊዜ ዋናውን መውረጃ በእጅዎ ደፍነው ሁለተኛው ብቻውን መሸከሙን ይመልከቱ። ይህን ፈተና ያላለፈ ሳምፕ ላይ ዓሣ አይጨመርም።

ባክቴሪያው ተራብቶ እስኪበቃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። የሚያውቁት ሰው የሚሠራ ማጣሪያ ካለው ከስፖንጁ ቁራጭ ለምነው ያስገቡ፤ እርሾ እንደመዋስ ይቆጠራል። የአሞኒያ መመርመሪያ ካላገኙ ጥቂት ዓሣ ብቻ ይዘው ይጀምሩ፤ ምግቡ በጣም ይቀነስ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የውኃው አምስተኛ እጅ ይቀየር። ቆሮሶ ከፈለጉ ሕፃኑን ብቻ ያስቡ፤ ሲያድግ ከ30 ሳንቲ ሜትር ስለሚያልፍ ይህ ገንዳ ይጠበዋል።

ከውኃው ናይትሬትን የሚመጥ ተክል ማኖር ጥሩ ነው። የስኳር ድንች ሥሩ ብቻ ውኃ ነክቶ ቅጠሉ ብርሃን ላይ እንዲወጣ አድርገው በገንዳው ከንፈር ላይ ቢያስቀምጡት በደንብ ያድጋል። እምቦጭ ግን በምንም መልኩ አይሁን፤ ጣና ላይ ያደረሰውን ያውቃሉ። የነሪ ውኃ ከማጎ ጋር ተገናኝቶ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚሄደው። በኦሞና በቱርካና ተፋሰስ ከ70 በላይ የዓሣ ዝርያ አለ፤ ዳሰነች ከእሱ ይመገባሉ። ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ ወይም ተክል ቢሰለችዎት ለሌላ ሰው ይስጡ እንጂ ወንዝ ውስጥ አይልቀቁት። የገንዳውንም ውኃ ሲቀይሩ ወደ ቦይ ሳይሆን ጓሮ ላይ፣ ሙዙ ሥር ያፍስሱት፤ ናይትሬቱ ለሱ ምግብ ነው።

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ዓሣውን የሚጎዳው የውኃ አለመዞር ሳይሆን የአየር ማነስ ነው። ስለዚህ 40 ዋት የሚበላውን ፓምፕ ለማስኬድ ትልቅ ባትሪ ከመግዛት በፊት፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕና ለመብራት የተገጠመ ሶላር ካለዎት እሱን ያገናኙ። 5 ዋት የማይሞላ ኃይል ነው የሚፈልገው፤ አንዱ የአየር ድንጋይ በላይኛው ገንዳ፣ ሌላው በሁለተኛው ክፍል ገሉ መሐል ይግባ። ትልቁን ፓምፕ ማስኬድ ካስፈለገ 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ግማሹን ብቻ እየተጠቀሙበት 12 ሰዓት ያህል ያቆየዎታል። መብራት በጠፋ ጊዜ ዓሣውን አይመግቡ።

በመጨረሻም ለቤተሰቡ፣ ለሠራተኛዋ፣ ለሆቴሉ ጥበቃ የሁለቱን መስመሮች ትርጉም ይንገሯቸው። መብራት ሲጠፋ ላይኛው ገንዳ የጎደለ ይመስላል፤ ደግ አሳቢ ሰው ሄዶ ባልዲ ውኃ ይጨምርበታል፤ ያም ውኃ ወርዶ የሳምፑን መጠባበቂያ ይሞላዋል። በመቆሚያው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በትልቁ ጽፈው ይለጥፉ፦ «መብራት በጠፋ ጊዜ ውኃ አይጨመርም። የሚጨመረው ፓምፑ እየሠራ፣ በፓምፑ ክፍል ውኃው ከታችኛው መስመር ሲወርድ ብቻ ነው።»